ሰላምታ፣ ወሬ፣ አደራ

አሰብ፣ ሰኔ ፪ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለወይዘሮ ዘሪቱ፣
ኮምቦልቻ።

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽ በሾፌሩ በወልዴ እጅ ትናንት ደረሰኝ። ሳታውቂኝ «እናቴ ሆይ» ብለሽ በመጀመርሽ አልተቀየምኩም፤ ግን ለማን እንደምትጽፊ ማወቅ ይገባሻል። ሐረገወይን እባላለሁ። ባልሽ ይመር ጭነት ይዞ ወደ አሰብ በወረደ ቁጥር የሚያድርባት የጓሮ ክፍል የእኔ ናት፤ ስድስት ዓመት ተከራይቷታል። ባለቤቴ በጉምሩክ ጸሐፊነት ተመድቦ ከአንኮበር እዚህ አመጣኝ፤ እሱ እዚሁ ተቀበረ። እኔም ለሴት ልጆች ፊደልና ሒሳብ አስተምሬ አሁን በጡረታ ተቀምጫለሁ።

እንዴት እኔ ቤት እንደገባ ጠይቀሻል። ሚያዝያ ፲፪ ቀን ወደቡ ላይ ከክሬን የተፈታ የጆንያ እስር ራሱን እንደመታው ታውቂያለሽ። ሐኪም ቤት አንድ ወር ተኛ። ቁስሉ ዳነ፤ እሱ ግን አልነቃም። ሐኪሙ «ከዚህ በላይ የምናደርግለት የለም፤ በዚህ ሙቀት በረሃውን በመኪና ከተሻገረ ደግሞ ይሞታል» አለ። ስለዚህ ወልዴና ሦስት ሾፌሮች ተሸክመው ወደ እኔ አመጡት። የፊት ለፊቱን ክፍል ሰጠሁት፤ ነፋስ ይገባበታል።

«ያውቀኛል ወይ? ይሰማል ወይ?» ላልሽው ያየሁትን ብቻ እጽፍልሻለሁ። ጠዋት ዓይኑን ይገልጣል፤ ሲመሽ ይጨፍናል። አጥሚት በማንኪያ ምላሱ ላይ ሳደርግለት ይውጣል። ጣቴን በፊቱ ባመላልስ ዓይኑ አይከተልም። ስሙን በጆሮው ጠራሁት፤ ያንቺንም፣ የልጅሽንም ስም ጠራሁ። አጨበጨብኩ። ምንም የለም። እንግዲህ መልሴ፣ አይሰማም ነው። ደስ የሚያሰኝ መልስ ፈልገሽ ከሆነ ሌላ ሰው ጠይቂ።

አንድ ነገር ልጨምር። ደብዳቤሽ ልመናውን ከላይ፣ ሰላምታውን ከመካከል፣ ወሬውን ኅዳግ ላይ አድርጎ መጣ። እስክፈታው ድረስ ራሴን አመመኝ። ደብዳቤ ሥርዓት አለው፤ ፊት ሰላምታ፣ ቀጥሎ ወሬ፣ መጨረሻ አደራ። እኔን በልጅነቴ ትምህርት ቤት መነኮሳይቱ ይህን ያስተማሩኝ በአለንጋ ነው፤ አንቺን በወረቀት ብቻ ነው። በዚያ ትምህርት ቤት ድምፅ ሳያሰማ ያነበበ ሁሉ እንዳላነበበ ይቆጠር ስለነበር፣ እስከ ዛሬ ጮክ ሳልል ማንበብ አይሆንልኝም። ያንቺንም ከአልጋው አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ዓይኑ እንኳ አልተርገበገበም።

ሐረገወይን


ኮምቦልቻ፣ ሰኔ 20 ቀን 1963

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ሐረገወይን።

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ሙቀቱስ? እኔ ደህና ነኝ። ይኸው ሰላምታውን አስቀደምኩ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቀረ ነው እንጂ ንቀት አይደለም።

ወሬው እንዲህ ነው። የይመር ታላቅ ወንድም «እስትንፋስ ያለው ሬሳ ነው፤ ለቅሶ እንቀመጥ» ይላል። «ወንድምህ ይተነፍሳል እኮ» ስለው «በግም ይተነፍሳል» አለኝ። «እንግዲያው አንተም በግ ነህ» አልኩት፤ ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጠም። ጎረቤቶቼ ደግሞ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «እግዜር ያጥናሽ» ይበሉኝ ወይስ «እግዜር ይማርልሽ» ግራ ይገባቸዋል። አፋቸውን ከፍተው ይቀሩና «ገበያ እንዴት ዋለ?» ይሉኛል። እትዬ፣ ሌላው ሁሉ ይቅርና ይቺን ብቻ ይወቁልኝ፤ ባል አለኝ ወይስ የለኝም?

እኔ ራሴ ያልመጣሁት ልጃችን ዓለምዘውድ ስለታመመች ነው። አምስት ዓመቷ ነው። የካሚዮን ድምፅ በሰማች ቁጥር አባቷ የመጣ እየመሰላት የግራ ጫማዋን በቀኝ አድርጋ ትሮጣለች። ሰሞኑን ግን ትኩሳት ይዟት ተኝታለች።

አደራዎ፣ ባይሰማም ያነጋግሩት። ከእርስዎ ምን ይጎድላል?

ልጅዎ ዘሪቱ


አሰብ፣ ሐምሌ ፮ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዘሪቱ።

ሰላም ላንቺና ለታመመችው። ስለ ልጅሽ ሽፍታ በወልዴ አፍ ለላክሽልኝ ጥያቄ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ውኃ አትከልክያት፤ ጎረቤት ቅቢያት የሚልሽን ሁሉ አትቀቢያት፤ ወደ ሐኪም ውሰጃት።

አሁን ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው። በዕድሜዬ ብዙ ጊዜ ያደረግሁት ነገር አይደለምና ታገሺኝ። «አይሰማም» ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ይሰማል።

ከራሔይታ የፍየል ወተት የምታመጣልኝ አንዲት የአፋር ሴት አለች። አፋሮች ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ አንዱ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ተናግሮ ይጨርሳል፣ ከዚያ ሌላው በተራው ይናገራል። ይህች ሴት በመጣች ቁጥር ከይመር ራስጌ ቁጭ ብላ በቋንቋዋ ዳጉዋን ትነግረዋለች። ስትጨርስ ደግሞ ዝም ብላ ትቀመጣለች። «ምን ትጠብቂያለሽ?» ብላት «ተራው ነዋ!» አለችኝ። ጊዜ ማባከን መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ወልዴ ሊጠይቀው መጣ። እንደ ልማዱ ከግርጌው ቆሞ «አንተ ሰነፍ! ጭነቱ ተራግፎ አለቀ እኮ፣ ተነስ!» አለና የአልጋውን ብረት በመዳፉ አንዴ መታው። የይመር ቀኝ እግር ወደ ፊት ረገጠ።

«እትዬ! ፍሬን ያዘ!» ብሎ ጮኸ ወልዴ።

«ዝም በል፤ ነፋስ ነው» አልኩት።

«ነፋስ መቼ ነው መንጃ ፈቃድ ያወጣው?»

ወልዴ እንዳስረዳኝ፣ ረዳት ከኋላ ሆኖ የመኪናውን አካል አንዴ ከመታ «ቁም»፣ ሁለቴ ከመታ «ሂድ» ማለት ነው። ይመር አሥራ አራት ዓመት በዚህ ኖሯል። እኔም በማስመሪያዬ ብረቱን መታሁት። ምንም አልሆነም። ወልዴ «እርስዎ እንደ አስተማሪ ነው የሚመቱት፤ እንደ ረዳት ይምቱት» አለኝ። በመዳፌ መታሁ። ረገጠ።

ይህ ግን ለእኔ አልበቃኝም። የታረደ ዶሮም ይራገጣል፤ ልማዱን ያስታወሰው እግሩ እንጂ እሱ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ጎንበስ ብዬ «ይመር፣ የምትሰማኝ ከሆንህ አሁን አንዴ ስመታ አትርገጥ» አልኩት። መታሁ። አልረገጠም። ደግሜ መታሁ። አልረገጠም። «አሁን ርገጥ» ብዬ መታሁ፤ ረገጠ። እግር ብቻውን ቢሆን ኖሮ እምቢታን ከየት ያመጣው ነበር?

ወልዴ ወደ ግቢ ወጥቶ አለቀሰ። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አስቢው ዘሪቱ፤ ሰማንያ አንድ ቀን! በእነዚያ ቀኖች ሁሉ በፊቱ ስለ መቃብር ቦታ ተነጋግረናል። እኔ ራሴ ትራሱን እያስተካከልኩ «ወይ ይሙት ወይ ይዳን፣ ይህ ምኑ ኑሮ ነው» ብያለሁ።

በቀን ከሦስት ጥያቄ በላይ ይደክመዋል። «አዎ» ሲል ይረግጣል፣ «አይደለም» ሲል ይተወዋል። ትናንት «ያምሃል?» አልኩት፤ ረገጠ። «ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?» ረገጠ። «ዘሪቱ ትምጣ?» ብዬ ሳልጨርስ ረገጠ።

ስለዚህ ባል አለሽ። የሰኔ ደብዳቤሽን እንደገና ከመጀመሪያው አነበብኩለት፤ የዓለምዘውድን ጫማ ሁለት ጊዜ። ልጅሽ እንደተሻላት ነይ።

ሐረገወይን


ኮምቦልቻ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1963

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ሐረገወይን።

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ይመርስ እንዴት ነው? የእግሩን ነገር ከሰማሁ ወዲህ እዚህ መሬት ስረግጥ እንኳ እዚያ የሚሰማው ይመስለኛል። ወተት ለምታመጣው ሴት እጅ ነስቻለሁ ይበሉልኝ።

ወሬው እንዲህ ነው። ዓለምዘውድ ሐምሌ 24 ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዐረፈች። ኩፍኙ ወደ ደረቷ ገብቶ ነው አለ ሐኪሙ። እንዳሉኝ ወስጃት ነበር። ሁለት ቀን ተሽሏት ሽሮ በላች፤ ከዚያ አርብ ማታ ትንፋሽ አጠራት። በማግስቱ ቀበርናት። እኔ ቆሜ መሄድ ስላቃተኝ ሰዎች ደግፈውኝ ነው የሄድኩት። አርባዋን አውጥቼ ጳጉሜን ላይ በወልዴ መኪና እመጣለሁ።

አደራዬን እንዳስተማሩኝ መጨረሻ ላይ አኖርኩት። ይህን ወሬ ይመር እንዳይሰማ። እኔ መጥቼ እጁን ይዤ እስክነግረው ድረስ «ደህና ናት» ይበሉልኝ። ከእኔ አፍ ይስማው። በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ።

ልጅዎ ዘሪቱ


አሰብ፣ ነሐሴ ፲፯ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዘሪቱ።

እግዚአብሔር ያጥናሽ። የላክሁት ቴሌግራም ሊናገር የሚችለው አምስት ቃል ብቻ ነበር።

ይመር ቅዳሜ ነሐሴ ፲፭ ቀን ዐረፈ። ሙቀቱ ስለማያቆይ ያን ዕለት ማታውን ተቀበረ። ካህናቱ የፍልሰታ ዋዜማ ቢሆንም ሳይቸኩሉ ፈቱት። አስከሬኑን ወልዴና ሾፌሮች ተሸከሙት፤ በዚያ ሰዓት ወደቡ ላይ የነበሩ ካሚዮኖች ሁሉ ሞተራቸውን አጠፉ። መቃብሩ ከባለቤቴ በስተቀኝ ሦስተኛው ነው። መስቀሉ ላይ ስሙን እኔ ጻፍኩት።

በመጨረሻዎቹ ቀኖች ምግብ አልወስድ ብሎት ነበር። ሙቀቱም በርትቶ ነበር።

ስለ ዓለምዘውድ የምጽፍልሽ ቃል የለኝም። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ልብሱንና መንጃ ፈቃዱን ወልዴ ያመጣልሻል።

ሐረገወይን


አሰብ፣ መስከረም ፬ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ይድረስ ለዘሪቱ።

«ደብዳቤዬ መቼ ደረሰዎት? አደራዬንስ ጠበቁልኝ?» ብለሽ ጽፈሻል። መልሱን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ባለፈው የጻፍኩልሽ ደብዳቤ ውስጥ ውሸት የለም፤ እውነቱም የለም። አንዲት ተማሪ እንዲህ ጽፋ ብታመጣልኝ ኖሮ ዜሮ እሰጣት ነበር።

ማክሰኞ ነሐሴ ፲፩ ቀን ወልዴ ፖስታውን በአጥር አቀብሎኝ ወደ ወደብ ሮጠ፤ ወረፋው ደርሶ ነበር። እኔ አስቀድሜ ለብቻዬ ማንበብ ነበረብኝ። ማንኛውም አስተዋይ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ ደብዳቤ ከሌላ ሰው ጋር ከፍቼ አላውቅም ነበር፤ ከይመር ጋር መክፈት ለምጄ፣ ደስ ይለኝ ነበር። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ «ከዘሪቱ ነው» አልኩት። እግሩ ተንቀሳቀሰ። ቀደድኩት፤ ጀመርኩ።

ሰላምታሽን አነበብኩ። መሬት ስረግጥ ይሰማው ይመስለኛል ያልሽው ላይ ስደርስ ረገጠ። ሳቅሁ። «ወሬው እንዲህ ነው» ብዬ ቀጠልኩ። ዓይኔ ከአፌ አይቀድምም ዘሪቱ። ቃሉ ምን እንደሆነ የማውቀው ከአፌ ካወጣሁት በኋላ ነው። «ዐረፈች» ብዬ ነው ዐረፈች ማለትሽን የሰማሁት።

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም። ድምፄ ብቻውን ቀጠለ፤ ሽሮውን፣ አርብ ማታን፣ ቀብሩን አነበበ። «ይህን ወሬ ይመር እንዳይሰማ» የሚለውንም ጮክ ብዬ አነበብኩት።

አደራው ደርሶኛል። ግን ወሬው ቀድሞት ነበር፤ እንዲቀድመውም ያዘዝኩት እኔ ነኝ። በመጀመሪያ የጻፍሽልኝን ደብዳቤ የመሰለ፣ አደራው ከላይ የተቀመጠበት የተዘበራረቀ ደብዳቤ ብትልኪ ኖሮ በሁለተኛው መስመር ዝም እል ነበር። አንቺ ጥፋት የለብሽም።

ከማግስቱ ጀምሮ አፉን ዘጋ። በአምስተኛው ቀን ሞተ። ሐኪሙ የልብ ድካም ብሎ ጽፏል።

ለምን ጻፍሽልኝ ትይ ይሆናል። ስለጠየቅሽኝ ነው።

ሐረገወይን


ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1964

እትዬ ሐረገወይን፣

ደብዳቤዎን ለይመር ወንድም አላሳየሁትም። ቢያየው «አሮጊቷ ገደለችው» ይላል። እኔም ብያለሁ። ስምንት ቀን ሙሉ እንጨት ስፈልጥም፣ ውኃ ስቀዳም፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜም ብያለሁ። አንድ ቀን ምድጃ ውስጥ ልከተው ብዬ ጠርዙ ከነደደ በኋላ አወጣሁት።

ከዚያ ሌላ ነገር መጣብኝ። ዓለምዘውድ ስትሞት ቤቱ ጢም ብሎ ነበር የሚለቀሰው። ግን እትዬ፣ ሁሉም የሚያለቅሰው ለየራሱ ሙት ነበር። ባዩሽ የምትባል ጎረቤቴ የሞተ ባሏን ስም እየጠራች ነው ያለቀሰችው። እኔን የሚያቅፈኝ ሁሉ ልጄን አያውቃትም። እሷን የሚያውቃት አንድ ሰው ነበር። ስትዋሽ ጆሮዋን እንደምትይዝ፣ ነጎድጓድ ሲመታ «ሰማይ ጭነት አራገፈ» እንደምትል ያውቃል። እንደዚያ ያስተማራትም እሱ ነው። እሱም ሳያውቅ ሞተ እያልኩ ነበር የማለቅሰው። ብቻዬን ነኝ እያልኩ።

ለካ አውቋል። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ሁለት ነበርን። እኔ እዚህ መሬት ላይ ተኝቼ፣ እሱ እዚያ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ስለ አንዲት ልጅ። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ደስ ስለሚለኝ ደግሞ ራሴን እፈራዋለሁ። ብቻውን፣ እጁን የሚይዘው ሳይኖር ነው የሰማው።

ይቅር ብዬዎታለሁ አልልም። ብል ውሸት ይሆናል፤ እርስዎ ደግሞ ውሸት ያውቃሉ። አንድ ነገር ግን አለብዎት። እነዚያን አምስት ቀኖች ይጻፉልኝ። አለቀሰ ወይ? ምን ሆነ? የሆነውን ሁሉ ይጻፉ። ለእኔ ብለው ምንም አይተዉ።

ዘሪቱ


አሰብ፣ ጥቅምት ፳፪ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ይድረስ ለዘሪቱ።

ማክሰኞ ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። ወረቀቱን አጠፍኩት። ፊቱ አልተለወጠም፤ ከግራ ዓይኑ ግን ውኃ ወርዶ ጆሮው ውስጥ ገባ። አለቀሰ ወይ ላልሽው ሐኪሙ ቀድሞ «እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች ዓይናቸው በራሱ ያነባል» ብሎኝ ነበር። ከዚያ በፊት እኔ ቤት በቆየባቸው ቀኖች አንድም ጊዜ አላየሁበትም። ውኃው እስኪመሽ አላቆመም። እጁን አልያዝኩለትም። ወደ ማድ ቤት ሄጄ ድስት ማጠብ ጀመርኩ፤ የታጠበ ድስት።

ረቡዕ ከንፈሩን ገጠመ። ለምኜ፣ ተቆጥቼ አልሆነም። አፍንጫውን ይዤ አፉን አስከፈትኩት፤ መድኃኒት እምቢ የሚሉ ልጆችን እንደዚያ ነበር የማደርጋቸው። ያስገባሁትን አጥሚት ምላሱ መልሶ አወጣው። ሦስት ጊዜ አደረግሁት። አንገቱ ሁሉ አጥሚት ሆነ። ይህን ባልጽፍ እወድ ነበር።

ሐሙስ ወተት የምታመጣው ሴት መጣች። ከበሩ ላይ አይታው ዳጉ አልነገረችውም። «ምን አደረጋችሁት?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ። ከሄደች በኋላ ዋሸሁት። «ይመር፣ ዓይኔ ደክሟል፣ ተሳስቼ ነው ያነበብኩት፤ ልጅህ ደህና ናት» አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ። በዕድሜዬ ሁሉ ያን ያህል ፈጥኖ ያረመኝ ሰው የለም።

አርብ ወልዴ ከወደብ ተመልሶ ሲያየው ደነገጠ። «ሐኪሙን ላምጣ፤ በአፍንጫው ቱቦ ከተው ይመግቡታል» አለ። እውነቱን ነው፤ ይቻል ነበር። እኔ ግን ስለ ይመር ከይመር በላይ ሆኜ መናገር ታክቶኝ ነበር። «ሐኪሙ ይምጣልህ?» ብዬ ብረቱን መታሁ፤ ጠበቅሁ። እግሩ አልተንቀሳቀሰም። እንደገና ጠየቅሁት። ወልዴም ጠየቀው፤ «ወንድሜ፣ አንዴ ብቻ ርገጥ፣ ስለ እናትህ» አለው። አልተንቀሳቀሰም።

እምቢ ብሎ ነው ወይስ እግሩ ከድቶት? ውስጥ ሆኖ «አምጡት! አምጡት!» እያለ ይጮህ እንደነበረ እኔ በምን አውቃለሁ? ይህን ሳላውቅ እሞታለሁ። ወልዴ አሁንም ያኮርፈኛል፤ ሐኪሙን እንዲያመጣ ያልላክሁት እኔ ነኝ። እንደ እምቢታ ቆጠርኩት። አንቺ እዚያ ብትኖሪ ኖሮ በሌላ መንገድ ትቆጥሪው ይሆናል። የአንቺ ባል ነበር፤ የወሰንኩት ግን እኔ ነኝ፤ ይህንንም በነሐሴ ደብዳቤዬ ደብቄሽ ነበር።

ቅዳሜ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ዐረፈ። ጠዋት ግን አጥሚቱን አሞቅሁት፤ እጄ ለምዶ ነው። ወንበሬን ወደ አልጋው አስጠጋሁ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። ዓይኑን ገለጠና አየኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዓይኑ እኔ ላይ ያርፍ ነበር እንጂ አያየኝም ነበር፤ ልዩነቱን እንዳስረዳ ብትጠይቂኝ አልችልም። ማንኪያውን መሬት አስቀመጥኩ። ብላ ብዬ አልለመንኩትም።

ሐረገወይን